ለበጎ ሥራ ፈቃድ ይጠየቃልን?

ሰው በጎረቤቱ ላይ ክፉ ሊሠራ ሲነሣ ፈቃድ እንደማይጠይቅ የታወቀ ነው። በጎ ሊሠራ ሲነሣ ግን ፈቃድ መጠየቅ አለበትን? ብዙዎች አዋቂዎች «የሥራው በጎነት ራሱ ፈቃድ ነው» ብለው ያልፉታል። እኔ ግን ይህ ዐሳብ ትክክል አይደለም እላለሁ፤ ምክንያቴንም ከምድር ሆድ በሚወጣ ትኵሳት ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ሲባል በልዩ ልዩ አገር ከተፈጸመው ነገር አስረዳለሁ። ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የሥራው በጎነት አያጠራጥርም። በኢጣልያ፥ በቶስካና አውራጃ፥ ላርዴሬሎ በተባለው ስፍራ ፒየሮ ጂኖሪ ኮንቲ የተባለ መስፍን በ1904 ከመሬት በሚወጣ እንፋሎት መኪና አዙሮ አምስት አምፑል አበራ። የአይስላንድ ዋና ከተማ ሬይክያቪክም በ1930 ፍል ውሃን በቱቦ ስባ ትምህርት ቤትና አንዳንድ ቤቶችን ማሞቅ ጀመረች፤ ዛሬ በዚያ አገር ከአሥሩ ቤት ዘጠኙ የሚሞቀው በዚሁ ትኵሳት ነው። የከሰል ጭስ የለበትም፤ ዝናብ ቢጠፋ አይጐድልም፤ ሌሊትም ቀንም ያው ነው። እኛም ብንሆን ፍል ውሃን ለፈውስና ለመታጠቢያ ከጥንት ጀምሮ እናውቀዋለን፤ አዲስ አበባ እንኳ የተቈረቈረችው እቴጌ ጣይቱ በፍል ውሃው አጠገብ ቤት ባሠሩ ጊዜ ነው።

እንግዲህ ሁለት የስዊስ ከተሞችን እናስተያይ። በባዝል ከተማ 5 ኪሎ ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ተቈፈረ፤ ዐሳቡም በታች ያለውን የጋለ ዐለት በኀይለኛ የውሃ ግፊት ሰነጣጥቆ ውሃውን በዚያ እያሞቁ መልሶ ማውጣት ነበር። በ2006 በዲሴምበር ወር መሬት ተንቀጠቀጠ፤ ልኩም 3.4 ነበር። ቤት አልፈረሰም፤ ሰውም አልሞተም። ነገር ግን ባዝል በ1356 በመሬት መንቀጥቀጥ የፈረሰች ከተማ ናት፤ ሕዝቧም ይህን ታሪክ ሲሰማ ያደገ ነው። «ግድግዳዬ ተሰነጠቀ» የሚለው አቤቱታ በሺህ ተቈጠረ፤ አደጋው አስቀድሞ በሚገባ አልተነገረንም የሚለው ወቀሳም በረታ። ሥራው በዚያው ቆመ፤ በ2009 ፈጽሞ ተተወ።

የሳንክት ጋለን ከተማ ግን በ2010 ሕዝቧን ድምፅ አስሰጠች። የሚወጣው ገንዘብ ተነገረው፤ ሥራው ሊከሽፍ፥ መሬትም ሊንቀጠቀጥ እንደሚችል ተነገረው፤ ከመቶው ድምፅ ከ80 የሚበልጠው «ይሁን» አለ። በ2013 በጁላይ ወር ከጉድጓዱ ያልታሰበ ጋዝ ተነሣ፤ ሠራተኞቹ ጋዙን ለማፈን ውሃና ጭቃ ሲገፉበት መሬት ተንቀጠቀጠ። ልኩ 3.5 ነው፤ ከባዝሉ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ሕዝቡ ግን «አታለሉን» ብሎ አልተነሣም፤ ሙከራውም ቀጠለ። ሥራው በ2014 የተተወው የተገኘው ሙቅ ውሃ ጥቂት ስለ ሆነ ነው። የሳንክት ጋለን ሰው የደረሰበትን ነገር አስቀድሞ ዐውቆ መርጦታል፤ በባዝል ሰው ላይ ግን ደረሰበት። ለእኔ ልዩነቱ ሁሉ በዚህ ውስጥ ነው። ዛሬ «የሕዝብ ድጋፍ» ሲባል ግን ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ነገሩ ከተቈረጠ በኋላ የሚደረግ ስብከትና ጭብጨባ ነው።

«ድኻው ሕዝብ ምን ያውቃል? ቢጠየቅ ፈርቶ እንቢ ይላል፤ ሆስፒታሉም በጨለማ ይቀራል» የሚሉ አሉ። ፍርሃት ግን ሁልጊዜ ካለማወቅ አይመጣም። በደቡብ ኮርያ፥ በፖሃንግ ከተማ፥ በ2017 ልኩ 5.4 የሆነ መንቀጥቀጥ ከ100 በላይ ሰው አቈሰለ፤ ያስነሣውም እንደ ባዝሉ ያለ የጉድጓድ ሥራ መሆኑን መንግሥት ያቆማቸው መርማሪዎች በ2019 አስታወቁ። እውነት ነው፥ በስምጥ ሸለቆ እንፋሎቱ በተፈጥሮ በተሰነጠቀ ዐለት ውስጥ ስለሚገኝ ዐለት መሰንጠቅ እምብዛም አያስፈልግም፤ ይህም ስጋት ያንሳል። ሌላ ሸክም ግን አለ፤ የድኝ ሽታ፥ የእንፋሎቱ ጩኸት፥ በግጦሽ መካከል የሚዘረጋ ቱቦ፥ ከሁሉም በላይ አገር መልቀቅ። ጎረቤታችን ኬንያ ከኤሌክትሪኳ ከመቶው 40 ያህሉን የምታገኘው ከዚህ ትኵሳት ነው፤ ነገር ግን በ2014 በኦልካርያ ለአዲስ ጣቢያ ሲባል የማሳይ ሰዎች ከመንደራቸው ተነሥተው ወደ ሌላ ስፍራ ሄዱ። ቤትም ትምህርት ቤትም ተሠራላቸው። ሆኖም አቤቱታቸው ገንዘብ ካበደረው ከዓለም ባንክ ደረሰ፤ የባንኩም መርማሪዎች በ2015 በአፈጻጸሙ ጕድለት እንደ ነበረ መሰከሩ።

በ1994 የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ስለዚህ ከምድር በታች ያለው ትኵሳት የአርብቶ አደሩ የግል ገንዘብ አይደለም፤ በዚህ እስማማለሁ። ነገር ግን ትኵሳቱ የሁሉ ሲሆን ሽታውና ጩኸቱ በዚያ ለሚኖረው ብቻ ነው። የሁላችንን አብረን እየተካፈልን የእርሱን ሸክም ለብቻው ከተውንለት አካፋፈሉ ትክክል አይደለም።

አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ በነጻ አልጠየቀም፤ የተሻለ ቦታ ወይም ዋጋውን በብር ሊሰጠው ነበር። ክፋቱ የመጣው «እንቢ» የሚለውን ቃል መስማት ስላልቻለ ነው። እርግጥ አክዓብ የፈለገው የአትክልት ቦታ ነው፤ እኛ የምንፈልገው የሆስፒታል መብራት ነው። ስለዚህ የአንድ ሰው እንቢታ የብዙ ሰውን መብራት ያስቀር አልልም። ነገር ግን እንቢታው አንድ ነገር ማስለወጥ አለበት፤ የቱቦውን መንገድ፥ የካሳውን ልክ፥ ወይም ሥራው የሚጀመርበትን ቀን። ምንም የማያስለውጥ ከሆነ መጀመሪያውኑ መጠየቁ ለምን አስፈለገ?

በላንጋኖና በዝዋይ ሐይቆች አጠገብ ባለው በአሉቶ ተራራ የአገራችን የመጀመሪያው የእንፋሎት ጣቢያ በ1998 ተሠርቶ ነበር፤ ዐቅሙ 7.3 ሜጋ ዋት ሲሆን ብዙ ሳይቈይ ቆመ፤ በኋላም ተጠገነ። በስምጥ ሸለቆ ገና ያልተነካ ብዙ ትኵሳት አለ። ቈፋሪው ወደ አንድ መንደር ሲመጣ በዚያ ሰው ቋንቋ፥ ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ፥ ከመቈፈሩ በፊት ሊመልሰው የሚገባ ነገር አለ። ምን ያህል መሬት ይወሰዳል? ግድግዳ ቢሰነጠቅ ማን ይከፍላል? ሕመምተኛው የሚታጠብበት ፍል ውሃ ቢደርቅስ? የኤሌክትሪኩስ ገመድ በጎጆዎቹ ላይ አልፎ ወደ ከተማ ይሄዳልን፥ ወይስ ከምሰሶው አንዱ ለእነርሱም ያወርዳል?