ውሃ ሸኚዋ

በጅሩ ሜዳ፣ በእነዋሪ አንድ ጎረምሳ ነበር አሉ። ከአባቱ ጥንድ በሬ ወረሰ፤ መሬት ግን አልደረሰውም። መሬቱ ተደልድሎ ያለቀው እሱ ከመወለዱ በፊት ነው። በሬ ይዞ መሬት ያጣ ሰው፣ እንደ ወጉ፣ መሬት ይዞ ጉልበት ያጣ ሰው ፈልጎ በእኩል ያርሳል። ሰኔ ሳይገባ ማሳ ለማማረጥ ተነሣ።

ግንቦት ላይ የጅሩ ሜዳ ሁሉም አንድ ነው። ዋልካው ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ የግልገል እግር ይውጣል። የትኛው ማሳ ክረምቱን እንደሚችለው ከላይ አይታይም። ጎረምሳውም የሚታየውን አየ፦ የማሳውን ስፋት፣ የባለቤቱን አጥር፣ በረት ውስጥ የሚቀለበውን ሰንጋ።

መጀመሪያ የገባው በሰንጋቸው ስማቸው የተጠራ ሽማግሌ ቤት ነው።

«ልጄ፣ የኔ መሬት ስንዝር አይባክንባትም» አሉት። «ጎረቤቶቼ ከሦስት አንዱን እጅ ለፈሰስ፣ ለውሃ መውረጃ፣ ይለቃሉ። እኔ ዳር እስከ ዳር ነው የምዘራው።»

ጎረምሳው በልቡ አሰላ። ሦስት እጅ ከሁለት እጅ ይበልጣል። «እሺ ጋሼ» ብሎ ጠመደ።

እስከ ሐምሌ አጋማሽ ስንዴው ዓይን ይስባል። ከዚያ ዝናቡ ሳያባራ ሰነበተ። ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፤ ስንጥቁን ይዘጋና የተረፈውን ውሃ ላዩ ላይ ያስተኛዋል። ሥሩ አየር አጣ፣ ቅጠሉ ከጫፉ እየገረጣ ቢጫ ሆነ። ነሐሴ ላይ አረንጓዴ የቀረው ጉብ ጉብ ያለ ቦታ ላይ የበቀለው ብቻ ነበር፤ ከሩቅ ሲያዩት የተጣጣፈ ጨርቅ ይመስላል። ሽማግሌው ግን መሬታቸውን አላሙም። «ያንተ እጅ ነው የሰነፈው» አሉት።

በሁለተኛው ዓመት ፈሰስ ያለው ማሳ ፈለገ፤ አገኘም። እነዋሪ በዚህ ሥራ የታወቀች ናት። ዘሩ ተበትኖ ከታረሰ በኋላ ሴቱም ልጁም ጎንበስ ብሎ ጭቃውን በእጁ ከፈሰሱ እየዛቀ መደቡ ላይ ይከምራል። ወገብ ይቆርጣል። መደቡ ላይ ያለው ስንዴ ደረቱን ነፍቶ ቆመ። ጎረምሳውም እንደ ስንዴው።

አንድ ቀን ከማሳው ግርጌ የሴት ድምፅ ጠራው። ባሏ የሞተባት ጎረቤት ናት።

«የናንተ ፈሰስ የት እንደሚያልቅ ወርደህ አይተህ ታውቃለህ?»

ወርዶ አያውቅም። ወረደ። ሃያ ምናምን ፈሰስ፣ አንዱም ሳይቀር፣ ድንበሯ ላይ አፉን ከፍቷል። ባቄላዋ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ የታችኛው ቅጠል ጠቁሮ ተጣብቋል። ጎረምሳው የሚለው ጠፋው። በመኸር ከደረሰው ስንዴ ላይ በቁና ሰፍሮ ወሰደላት፤ ተቀበለችው፤ ቀና ብላ ግን አላየችውም።

ከመኸሩ በፊት፣ በዚያው ክረምት፣ ሰው ሁሉ እሳት ዳር ሲቀመጥ፣ እሱ ገሳውን ደርቦ ዝናብ ላይ ወጣ። ለሚመጣው ዓመት ማሳ ሊያይ። የማንንም ስንዴ ቀና ብሎ አላየም፤ ውሃ ውሃውን እየተከተለ ግርጌ ግርጌውን ዞረ። አንድ ቦታ አንዲት አሮጊት ቀሚሳቸውን ከፍ አድርገው ታጥቀው፣ ከፈሰሱ አፍ ላይ ገለባና ጭቃ በመቆፈሪያ ይጠርጋሉ።

«እማማ፣ በዚህ ዝናብ ምን ይሠራሉ?»

«ውሃዬን እሸኛለሁ።»

«እስከ የት?»

መቆፈሪያቸውን ወደ ጀማ ወንዝ ገደል ቀሰሩ። ፈሰሶቹ አንድ ትልቅ ቦይ ውስጥ ይገባሉ፤ ቦዩ በሦስት ጎረቤታሞች ድንበር መሃል አልፎ ገደሉ አፍ ይደርሳል። ሦስቱ በተራ ይጠርጉታል፤ የዚያ ቀን ተረኛ እሳቸው ናቸው።

ጎረምሳው «መሬትዎ ስንት ኩንታል ይሰጣል?» ሊል አፉን ከፈተና ተወው። «ለከርሞ እኩል አራሽ ይዘዋል?» አለ።

«ለከርሞው ከርሞ ይታያል። አሁን ይህን ያዝልኝ» ብለው መቆፈሪያውን ሰጡት።

ይህን ለገበሬ አልነግረውም፤ ያውቀዋል። የምነግረው ሳይካትሪ ሊማር ቆርጦ፣ የት እንደሚማር ለሚያማርጥ ጠቅላላ ሐኪም ነው። ማማረጥ ራሱ አዲስ ነገር ነው። እስከ 1995 ዓ.ም. ድረስ ሳይካትሪስት መሆን የፈለገ ኢትዮጵያዊ ባሕር መሻገር ነበረበት። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሦስት ዓመቱን ሥልጠና ሲጀምር፣ በአገሪቱ የነበሩት ሳይካትሪስቶች 11 ገደማ ናቸው። በኢጣሊያ ዘመን የተቋቋመው አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል የአገሩ ሁሉ ውሃ የሚወርድበት ግርጌ ነበር። ከቶሮንቶ የሚመጡት መምህራን ወር ያህል አስተምረው ይመለሳሉ፤ ሌሊቱ ለአገሬው ሰው ይቀራል። ዛሬ ጎንደርም ቅዱስ ጳውሎስም ያስተምራሉ። ሐኪሙ የመግቢያውን ፈተና ይፈተናል፣ ምርጫውን በቅደም ተከተል ይሞላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚሞላው በግንቦት ዓይን ነው። የዩኒቨርሲቲውን ስም፣ ከተማውን፣ ሕንፃውን አይቶ።

እንደ አጋጣሚ በዚያው በ1995 ዓ.ም. በአሜሪካ የሬዚደንት፣ ማለትም በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ያለ ሐኪም፣ የሥራ ሳምንት በ80 ሰዓት ተወሰነ። እዚያ ያሉ ልጆቻችንም ፕሮግራም ሲመርጡ ስለ ሰዓት፣ ስለ ዲዩቲ ብዛት፣ ስለ ቅዳሜና እሑድ ይጠይቃሉ። ሰነፍ የሚላቸው አይጠፋም፤ እኔ አልልም። ዳር እስከ ዳር ከሚዘሩት ሽማግሌ ቤት ያድናቸዋል። ግን የፈሰሱን ስፋት መለካት ግማሽ ጥያቄ ነው። እዚህ አገር ሬዚደንቱ በጊዜ ቤቱ የሚገባው ኢንተርኑና የሳይካትሪ ነርሷ ስለሚያድሩለት ከሆነ፣ ወይም ገና ያልተሻለው በሽተኛ አልጋ እንዲለቅ ተብሎ ስለሚሸኝ ከሆነ፣ ያ ውሃ ከጻድቃኔ ማርያም ጠበል እስከ ሆስፒታል ስትመላለስ የከረመች አንዲት እናት ቤት ነው የሚያቁረው። ልጇን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ በር ዘግታ የምትጠብቀው እሷ ናት።

ደግሞ የሳይካትሪ ውሃ ሰዓት ብቻ አይደለም። ሬዚደንቱ ቀኑን ሙሉ የሰማው ነገር አለ፦ አንዲትን በሽተኛ ልጇን እንድትገድል የሚያዝዛት ድምፅ፣ አሥር ዓመት በሰንሰለት የታሰረ ወንድም። ሳምንት እየጠበቀ ከሬዚደንቱ ጋር ቁጭ ብሎ ይህን የሚሰማ ሲኒየር ከሌለ፣ እሑድን ሙሉ ቢተኛ አይወርድለትም። ቤቱ ይዞት ይገባል፤ ሚስቱ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ትሰማዋለች።

ስለዚህ ለሚጠይቀኝ ልጅ የምለው አጭር ነው። ፕሮግራሙ የሚያስጎበኝህን ቀን ተወው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሄደህ ከዲዩቲ የሚወጣ ሬዚደንት በር ላይ ጠብቅ፤ ቡና ጋብዘው። በሳምንት ስንት ሌሊት እንደሚያድር ጠይቀው፣ ነውር የለውም። ቀጥለህ፣ በሽተኛህ ራሱን ያጠፋ ቀን ማን ጋ ሄድክ በለው። ስም ከጠራ ባለ ስሙን ፈልገህ አነጋግር። ከሳቀ ሂሳቡን ክፈልና ተመልሰህ የሌሊቷ ነርስ እስክትወጣ ጠብቅ፤ የቀረውን እሷ ትነግርሃለች።