የማይሞት ጀግና ይኖራልን?

ጀግና ማን ነው ተብለን ስንጠየቅ ብዙዎቻችን የምንሰጠው መልስ ሞትን የማይፈራ ነው የሚል ነው። መልሱ ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን ጥቂት ስናሰላስለው ሌላ ጥያቄ ይወልዳል። ሞት ፈጽሞ የማያገኘው ፍጡር ቢኖር እርሱን ጀግና ብለን ልንጠራው እንችላለንን? ቍስሉ ወዲያው የሚሽርለት፣ ያጠፋው ጥፋት ተመልሶ የማይደርስበት፣ የነገ ቀን የማያልቅበት ፍጡር ወደ ጦር ሜዳ ቢወጣ ምን አደረገ ይባላል? ጥያቄው ለልጆች ተረት የሚስማማ ይመስል ይሆናል። እኛ ግን ከሥነ ምግባር ጥያቄዎች ሁሉ ከባድ ከሆኑት እንደ አንዱ እንቈጥረዋለን፤ ስለ ሞት የሚጠይቅ ቢመስልም በእውነቱ የሚጠይቀው ስለ ኀላፊነት ነውና።

ከ2,600 ዓመት በላይ ዕድሜ ባላቸው በግሪካዊው ባለቅኔ በሆሜር ግጥሞች ውስጥ ይህ ነገር ደጋግሞ ይነሣል። በዘመናችንም ማደሊን ሚለር የተባለች አሜሪካዊት ደራሲ እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. ባሳተመችው «ኪርኬ» በተባለው ልብ ወለዷ እንደ ገና አንሥታዋለች። ሚለር የላቲንና የግሪክ ቋንቋ መምህርት የነበረች ስትሆን፣ ከዚያ ቀደም በ2011 ስለ አኪሌዎስ በጻፈችው መጽሐፍ ታውቃለች። ሁለቱም መጻሕፍት የጥንቱን የጀግኖች ታሪክ እንደ አዲስ የሚተርኩ፣ አማልክትና አስማት የሞሉባቸው ናቸው። ለያዝነው ጥያቄ የሚጠቅመን ግን «ኪርኬ» ነው።

ወደ ሆሜር እንመለስ። «ኢልያድ» በተባለው ግጥም ውስጥ የሉቅያው መስፍን ሳርፔዶን ወዳጁን ወደ ውጊያ ሲጠራው የሚያቀርብለት ምክንያት ያልተጠበቀ ነው። ሳያረጁ ለዘላለም መኖር ቢቻል ኖሮ እርሱም በግንባር እንደማይሰለፍ፣ ወዳጁንም እንደማይጠራው ይነግረዋል፤ ሞት ከማንም ስለማይቀር ግን መሄድ ይሻላል ይለዋል። በኋላም ሳርፔዶን ይሞታል፤ አባቱ ዜውስ ሊያድነው አስቦ ይተወዋል። በዚሁ ግጥም የጦርነት አምላክ የሚባለው አሬስ በአንድ ሰው ጦር ይወጋል። ሲጮህ ድምፁ የዘጠኝ ወይም የዐሥር ሺህ ተዋጊ ጩኸት ያህላል። ከዚያስ? ወደ ሰማይ ይወጣል፣ ለአባቱ ስሞታ ያቀርባል፣ ሐኪም ተጠርቶ መድኀኒት ያደርግለታል፣ ታጥቦና አምሮ ወደ ወንበሩ ይመለሳል። በታች በሜዳው ላይ የተወጉት ሰዎች ግን ታጥበው የሚቀመጡበት ወንበር የላቸውም። ሆሜር ይህን ሁሉ ያለ አንዳች ስብከት ጎን ለጎን አስቀምጦት ያልፋል፤ አንባቢው ራሱ እንዲፈርድ የተወ ይመስለናል። በእኛ ፍርድ የጦርነት አምላክ ከተባለው ይልቅ አንድ ስሙ ያልተጠቀሰ እግረኛ ወታደር የበለጠ ጀግና ነው።

«ኦዲሲ» በተባለው በሁለተኛው ግጥም ደግሞ ኦዲሴዎስ በካሊፕሶ ደሴት ሰባት ዓመት ይቀመጣል። እርስዋም ከእኔ ጋር ከኖርህ አትሞትም፣ አታረጅምም ትለዋለች። ሚስቱ ፔኔሎፔ በመልክም በቁመናም ከአምላክ እንደማትተካከል እርሱ ራሱ አልካደም፤ ይሁን እንጂ ማርጀትንና መሞትን መርጦ ወደ ቤቱ ለመመለስ በራሱ እጅ መርከብ ይሠራል። አንድ ሰው የማይሞትነት ስጦታ ቀርቦለት እንቢ ማለቱ ለጥንቱ ሰሚም ሳያስደንቅ አልቀረም።

በሆሜር ግጥም ኪርኬ የምትታየው በኦዲሴዎስ ጒዞ መካከል ነው። የፀሐይ አምላክ የሄልዮስ ልጅ ናት፤ አያያ በምትባል ደሴት ትኖራለች፤ የኦዲሴዎስን ባልደረቦች በመጠጥና በበትር ወደ ዕሪያ ትለውጣቸዋለች። ለምን እንዲህ እንዳደረገች ግጥሙ አይነግረንም። ኦዲሴዎስ ካሸነፋት በኋላ አንድ ዓመት አብሯት ይቀመጥና መንገዱን ይቀጥላል፤ ትረካውም እርስዋን በደሴቷ ትቶ ይሄዳል። ሚለር የገባችው በዚህ ክፍት በር ነው። ኪርኬ ሕይወቷን ራሷ ትተርካለች። በአባቷ አዳራሽ የተናቀች ልጅ ሳለች፣ ለሰው ልጆች ሲል የሚገረፈውን ፕሮሜቴዎስን ታያለች፤ ሌሎቹ አማልክት እንደ ትርኢት ሲመለከቱት እርስዋ በስውር ታጠጣዋለች። መከራ ምን እንደ ሆነ በመጀመሪያ የተማረችው ከእርሱ ነው። በደሴቷም ሳለች በእንግድነት የተቀበለቻቸው መርከበኞች ይደፍሯታል፤ ሰውን ወደ ዕሪያ መለወጥ የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው። ሆሜር ዝም ያለበትን ምክንያት ደራሲዪቱ በዚህ ሞላችው።

ለእኛ ግን የመጽሐፉ ልብ ይህ አይደለም፤ ስኪላ ናት። ስኪላ በጠባብ ባሕር ዳር ከዋሻ ውስጥ ሆና መርከበኞችን የምትነጥቅ ስድስት ራስ ያላት አውሬ ናት። ኪርኬ በቅናት ተነሣሥታ የስኪላን መታጠቢያ ውሃ እንደ መረዘችውና ከቆንጆ ልጃገረድነት ወደ አውሬነት እንደ ለወጠቻት የሮማው ባለቅኔ ኦቪድ ተርኳል፤ በሆሜር ዘንድ ይህ የለም። ሚለር ሁለቱን ትረካዎች ባንድ ላይ ስታጋጥም ከባድ ነገር ይወጣል። በሆሜር ግጥም ለኦዲሴዎስ፣ መርከብህ ሁሉ ከሚሰጥም በስኪላ በኩል እለፍና ስድስት ሰው ብቻ ይጥፋ ብላ የምትመክረው ኪርኬ ናት። በልብ ወለዱ እንግዲህ ምክሩን የምትሰጠው ሴት አውሬዋን የፈጠረችው ራሷ ናት። አማልክቱ በስኪላ መለወጥ ይሥቃሉ፤ ኪርኬን ወደ ግዞት ያስላካትም የስኪላ ጒዳት ሳይሆን የአስማት ኃይሏ ያሳደረው ሥጋት ነው። ኪርኬ ብቻ የተበሉትን መርከበኞች ትቈጥራለች። ዘመን ባለፈ ቍጥር ቍጥሩ ይጨምራል፤ እርስዋ ግን አታረጅም፣ አትሞትም፣ የሚጠይቃትም የለም።

እዚህ ላይ ጥቂት ልንቈይ እንወዳለን። ሚለር የጻፈችው ስለ አማልክት ቢሆንም ነገሩ ከሰማይ ርቆ የሚቀር አይደለም። ባለሥልጣን የሚፈርመው ወረቀት የሚያስከትለው ጒዳት እርሱ ዘንድ የማይደርስ ሲሆን፣ መምህር በተማሪው ላይ የሚጽፈው አንድ ቃል የተማሪውን ዕድል ለውጦ እርሱን ሳይነካው ሲያልፍ፣ በዚያች ሰዓት ሁለቱም ከሆሜር አማልክት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ክፉዎች ናቸው ማለታችን አይደለም። የሆሜር አማልክትም ሁልጊዜ ክፉዎች አይደሉም፤ ቀላሎች ናቸው እንጂ። የሠሩት ሥራ አይከብዳቸውም፤ የሚያጡት ነገር ስለሌላቸው የሌላውን ማጣት የሚመዝኑበት ሚዛን የላቸውም። ኪርኬ ከዘመዶቿ የምትለየው በደግነቷ ብዛት ሳይሆን ሥራዋ ስለሚከብዳት ነው።

ስለዚህ የመጽሐፉ ፍጻሜ ተገቢ ሆኖ ይታየናል። ኪርኬ ወደ ስኪላ ትሄዳለች፣ በጥበቧም ወደ ድንጋይነት ትለውጣታለች፤ በመጨረሻም ዘላለማዊነቷን የሚያስቀር መጠጥ አዘጋጅታ ታነሣለች። ይህን ስናነብ «ቴሌጎኒ» የተባለውን ሌላ የጥንት ግጥም ማስታወስ ይገባናል። ግጥሙ ጠፍቷል፤ የቀረን አጭር ይዘቱ ብቻ ነው። በዚያ ይዘት መሠረት፣ ኪርኬ ከኦዲሴዎስ የወለደችው ቴሌጎኖስ አባቱን ሳያውቀው ይገድለዋል፤ ሬሳውንም ከፔኔሎፔና ከቴሌማኮስ ጋር ወደ እናቱ ይወስዳል፤ ኪርኬም በሕይወት ያሉትን ሁሉ የማይሞቱ ታደርጋቸዋለች። የጥንቱ ባለቅኔ ሰዎችን ወደ አማልክት ማዕርግ ከፍ በማድረግ ታሪኩን ዘጋ። ሚለር መንገዱን ገለበጠችው፤ ሽቅብ የሚወጣ ሰው የለም፣ የምትወርደው አምላኪቱ ናት። ለጥንቱ ሰው ካሣ የነበረው ለዛሬዋ ደራሲ ጒድለት ሆኗል። ስለ ሜምኖንም እንዲሁ ነው፤ ግሪኮች የኢትዮጵያውያን ንጉሥ የሚሉት ሜምኖን በአኪሌዎስ እጅ ከወደቀ በኋላ እናቱ የንጋት አምላክ ዜውስን ለምና ዘላለማዊነት እንዳስገኘችለት «ኢትዮጲስ» የተባለው የጠፋው ግጥም ይተርክ ነበር። (ኢትዮጵያ የሚለው ስም በግሪኮች አፍ ሰፊና ወሰኑ ያልተለየ አገርን ያመለክት እንደ ነበረ አንባቢ ያስታውሳል።) ሜምኖን የተከበረው በአወዳደቁ ነው ወይስ በተሰጠው ካሣ? ለእኛ በአወዳደቁ ነው።

አሁን አንድ ተቃውሞ ሊቀርብብን ይችላል። ከብዙ ሺህ ዓመታት በኋላ የመጣ ደራሲ የጥንቱን ጀግና በራሱ ዘመን ሚዛን ለመመዘን፣ ይባስ ብሎም ታሪኩን ለመለወጥ ምን መብት አለው? ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ነገር ግን የአገራችንን የግዕዝ ጽሑፍ የሚያውቅ ሰው ሊያነሣው ቢፈልግ ይቸገራል። ሊቃውንቶቻችን ስለ ታላቁ እስክንድር የሚናገረውን ትረካ ወደ ግዕዝ ሲመልሱት በሥላሴ የሚያምን፣ ንጽሕናን የሚወድ ንጉሥ አድርገው ጽፈውታል፤ ይህንን መጽሐፍ ዎሊስ በጅ በ1896 ለንደን ላይ አሳትሞታል። ግሪካዊው የጦር መሪ ክርስቲያን ሲሆን ቅር ያለው አንባቢ እንደ ነበረ አልሰማንም። በዚያም ትረካ እስክንድር የሕይወትን ውሃ ፍለጋ ወደ ጨለማ አገር ይሄዳል፤ ሳይጠጣም ይመለሳል። ጀግናን እንደ አዲስ መጻፍ እንግዲህ የዛሬ ሰዎች ድፍረት ብቻ አይደለም።

መብቱ ግን ወሰን አለው እንላለን። አዲሱ ደራሲ አሮጌው መጽሐፍ ራሱ ያነሣውን ጥያቄ ሲከተል መብቱ የጸና ነው። ለዚህ የሚሆነን ምሳሌ የገረዶቹ ነገር ነው። ኦዲሴዎስ ወደ ቤቱ ተመልሶ የሚስቱን ፈላጊዎች ከገደለ በኋላ፣ ከ50 ሴት ባሮች መካከል ከእነዚያ ሰዎች ጋር ተኝተዋል የተባሉት 12ቱ ሬሳውን እንዲያወጡና ደሙን እንዲያጥቡ ይደረጋል፤ ከዚያም ቴሌማኮስ ባንድ ገመድ ይሰቅላቸዋል። ሆሜር ድርጊቱን አላወገዘም። ነገር ግን በወጥመድ እንደ ተያዙ ወፎች አስመስሏቸው፣ እግሮቻቸው ለጥቂት ጊዜ እንደ ተንፈራገጡ ጽፏል። እነዚያን እግሮች በግጥሙ ውስጥ ያኖራቸው የዛሬ ዘመን ርኅራኄ ሳይሆን ባለቅኔው ራሱ ነው። በ2005 ካናዳዊቷ ማርጋሬት አትዉድ ስለ ፔኔሎፔ በጻፈችው መጽሐፍ ለ12ቱ አንደበት ሰጠቻቸው። በሚለር ልብ ወለድ ደግሞ ቴሌማኮስ ያደረገውን ለኪርኬ ይነግራታል፤ ከኅሊናው አልወጣለትምና። የአባቱን ትእዛዝ ፈጸምሁ ብሎ ራሱን ነጻ አያወጣም። ሁለቱ የሚቀራረቡትም በዚህ ነው፤ እርስዋ ስኪላን፣ እርሱ ገመዱን ተሸክመዋል።

ይህን ያህል ካመሰገንን ዘንድ የማያረካንን ነገር መናገር አለብን። ሚለር በኪርኬ ላይ ጨካኝ አይደለችም፤ በኦዲሴዎስ ላይ ግን ትጨክናለች። ወደ ቤቱ የገባውን ሰው ተጠራጣሪ፣ ቍጡ፣ ዕረፍት የሌለው አድርጋ ስትሥለው እውነትነት አለው፤ የኻያ ዓመት ጦርነትና ስደት ሰውን ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን። ነገር ግን ካሊፕሶን እንቢ ብሎ ሞትን የመረጠው የመጀመሪያው እርሱ መሆኑ በዚያ ሥዕል ውስጥ ሊጠፋ ምንም አልቀረው። ኪርኬ በመጨረሻ የምታደርገውን ኦዲሴዎስ ቀድሞ አድርጎታል። ሁለተኛው ቅሬታችን ይብሳል። ኪርኬ ጽዋውን ከማንሣቷ በፊት የሚመጣውን ዘመን ስታስብ የምታየው የሚወዳትን ሰው፣ ልጆችን፣ አብረው የሚያረጁበትን ኑሮ ነው። ሟችነት እንዲህ ተውቦ ሲቀርብ ማን አይመርጠውም? ሞት ማለት ግን ልጅን መቅበር ነው፤ ያልጨረሱትን ሥራ ትቶ መሄድ ነው። አኪሌዎስ በሙታን አገር ሆኖ፣ በሙታን ሁሉ ላይ ከመንገሥ በምድር ለድኻ ገበሬ ቅጥር ሠራተኛ መሆን ይሻለኝ ነበር እንዳለ ሆሜር ሲተርክ ሞትን አላሳመረውም። ኪርኬም የመረጠችው ከዚህ ሁሉ ጋር ከሆነ ምርጫዋ ታላቅ ነው፤ መጽሐፉ ግን ዋጋውን ሳያስከፍላት ይዘጋል።

ያልተከፈለውም የእርስዋ ዋጋ ብቻ አይደለም። በሆሜር ግጥም ስኪላ የነጠቀቻቸው ስድስት ሰዎች ወደ ላይ ሲሳቡ እጆቻቸውን ዘርግተው የኦዲሴዎስን ስም ይጠራሉ፤ በባሕር ላይ ካየሁት ሁሉ የሚያሳዝነው ይህ ነበር ብሎ የሚናገረውም ኦዲሴዎስ ነው። ከእነዚህ በፊትም ከእነዚህ በኋላም በዚያ ባሕር ያለፉና ስማቸውን ማንም ያልጻፈው አሉ። ስኪላ ድንጋይ ስትሆን የሚቀጥለው መርከብ ይተርፋል። ኪርኬም ጽዋዋን ጠጥታ እንደ እነርሱ ሟች ትሆናለች፤ በዋሻው አፍ ላይ የተዘረጉት እጆች ግን አልተመለሱም።