በጋራ የተሠራ ሥራ የማን ነው?

ሰው ብቻውን የሠራው ሥራ በባለቤቱ አያጠራጥርም። ብዙዎች ተባብረው የሠሩት ግን ስም የሚወጣለት ቀን ጠብ ያመጣል። እኛ በመሥሪያ ቤት የምንውል ሰዎች ይህን ነገር እናውቀዋለን፤ አንድ ረቂቅ ደብዳቤ በአራትና በአምስት እጅ ታርሞና ተገልብጦ ይወጣና ከግርጌው የሚታየው ፊርማ የአንድ ሰው ብቻ ነው። በደብዳቤ ላይ ይህ አያስከፋም፤ ፊርማው ኃላፊነትን እንጂ ክብርን አያመለክትምና። በኪነ ጥበብ ሲሆንስ? የአሜሪካዊው የቶኒ ኮንራድ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ መልካም መመርመሪያ ይሆነናል።

ኮንራድ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1940 ተወልዶ በ1962 ከሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ ትምህርት ተመረቀ። ከዚያም በኒውዮርክ ከላ ሞንቴ ያንግ፣ ከማሪያን ዛዚላና ከጆን ኬል ጋር ሆኖ አንድን ድምፅ ሳያቋርጡ ለረጅም ጊዜ ይዞ የመቆየት ሙዚቃ ይጫወት ጀመር። እርሱ ቫዮሊን፣ ኬል የጊታር ክር የታሰረበት ቪዮላ ይዘው፣ ያንግና ዛዚላ በጉሮሯቸው እያዜሙ፣ ድምፆቹ እንደ ሦስት ለሁለት ባለ ጥርት ያለ የቁጥር ውድር እንዲገናኙ ይደክሙ ነበር። በ1964 ኮንራድና ኬል ከሉ ሪድ ጋር በአንድ የሮክ ባንድ ውስጥ ቢገቡ፣ የሪድ ጊታር ክሮች ሁሉ በአንድ ድምፅ ተቃኝተው አገኙ። በብዙ ድካም የደረሱበት ነገር በጭፈራ ዘፈን ውስጥ ቆይቷቸው ነበር ማለት ነው! ኮንራድ ኋላም በእንጨት ሳንቃ ላይ ረጅም ክር ወጥሮ የራሱን መሣሪያ እስከ መሥራት ደርሷል።

ልምምዱ ይደረግ የነበረው በያንግና በዛዚላ ቤት ነውና የተቀዳው ቴፕ ሁሉ በያንግ እጅ ቀረ። ያንግ «ደራሲው እኔ ነኝ» አለ። ኮንራድና ኬል ደግሞ ሥራው የሁላችን ነው፣ እንዲያውም ሐሳባችን ደራሲ የሚባለውን ሹመት መሻር ነበር ሲሉ ተከራከሩ። በ1990 ያንግ በቡፋሎ ከተማ ሲጫወት ኮንራድ ሰሌዳ ይዞ ከበሩ ላይ ቆመ። በ2000 ከቴፖቹ የአንዱ ግልባጭ ያለ ያንግ ፈቃድ ታትሞ ቢወጣ፣ በበኩሉ ያንግ በአደባባይ ተቃወመ።

የኮንራድን አሳብ የሚያስረዱ ፊልሞቹ ናቸው። በ1966 የሠራው «ዘ ፍሊከር» ጥቁርና ነጭ ብቻ የሚፈራረቁበት ነው፤ ተመልካቹ ግን ቀለምና ቅርጽ ያያል፤ የሚያየውም ከራሱ ዓይንና አእምሮ የመጣ ነው። በ1972 እና በ1973 ደግሞ በወረቀት ላይ የሲኒማ መጋረጃ የሚመስል አራት ማዕዘን በርካሽ የቤት ቀለም ቀብቶ «የሎው ሙቪስ» አላቸው፤ ቀለሙ ከዘመን ብዛት እየበለዘ መሄዱ ራሱ ፊልሙ ነው። (የሚስቅ አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም።) ሥራውን ለተመልካችና ለዘመን የሚተው ሰው በአንድ ደራሲ ስም መታተሙ ቢያንገበግበው አያስደንቅም።

በእኛ አስተያየት ያንግ ሁሉንም አልተሳሳተም፤ ሰው የሰበሰበ፣ ቤቱን የከፈተ፣ መንገዱን የጠቆመ ሰው ድርሻው ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ ኮንራድ ክንዱ እስኪዝል የጎተተውን የቫዮሊን ድምፅ መልሶ እንዳያዳምጠው በሣጥን መቆለፍ ከደራሲነት መብት ውጭ ነው። የስሙ ክርክር ዳኛ ይጠብቅ፤ ግልባጭ ለመስጠት ግን ዳኛ ምን ያደርጋል? ኮንራድም ቢሆን፣ ደራሲ ይሻር ያለ ሰው በ1997 የዚያን ዘመን ሙዚቃ እንደ ገና ሠርቶ በገዛ ስሙ ማሳተሙ ጥቂት ያስገርመናል። ነገር ግን ቴፑን የተከለከለ ሰው ከትዝታው መልሶ ከመሥራት በቀር ምን መንገድ ነበረው?

ኮንራድ ከ1976 ጀምሮ በቡፋሎ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ኖሮ በሚያዝያ 2016 ዐረፈ። ከቴፖቹ አብዛኞቹ እስከዚያ ቀን ድረስ ለሕዝብ አልወጡም ነበር።