ማኅበራችሁ ወንፈል ይሁን

ልጄ፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ለሦስተኛ ዲግሪ መግባትሽን እናትሽ ነገረችኝ። እሰየው! ዕድሜዬን መቄት ውስጥ በግብርና ሥራ የጨረስኩ ሰው ነኝና፣ እንደ አጎትም እንደ ባለሙያም ጥቂት ልምከርሽ።

የገባሽበት ቤት ቀላል አይደለም። መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቹን በየተልዕኳቸው ሲለይ፣ ከአርባ በላይ ከሆኑት ውስጥ «የምርምር» ያላቸው ስምንቱን ብቻ ነው፦ አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ መቐለ፣ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ ሐሮማያና አርባ ምንጭ። እንግዲህ ስምንቱ ሲሰባሰቡ አንቺም በትልልቆቹ ጉባኤ መቀመጥሽ አይቀርም።

እኛ እዚህ መቄት፣ ፍላቂት ላይ ሁለት ዓይነት መሰባሰብ እናውቃለን። አንዱ በየወሩ ጠላ የሚቀዳበት ማኅበር ነው፤ ያፋቅራል፣ ያስታርቃል፣ ክፉ ነገር የለውም። ሌላው ወንፈል ነው፤ ዛሬ አንተ የእኔን ታጭዳለህ፣ ነገ እኔ የአንተን። ማጭድ ይዞ ያልመጣ ወንፈል ገባ አይባልም። የስምንቱ መሰባሰብ ወንፈል ካልሆነ ከስም አያልፍም።

ለምን እንዲህ እንደምል ከባቄላው በሽታ ተረጂ። ቅጠሉ ላይ አረንጓዴ እብጠት ይወጣና ውሎ አድሮ ይጠቁራል፤ ቅጠሉ ይጨማደዳል፣ ተክሉ ይቀጭጫል። ስንት ደጋ ማሳ እንዳራቆተ አንቺም አይተሻል። ብዙ ዘመን ጥፋቱ ኦልፒዲየም በሚባል ተሕዋስ ሲመካኝ ኖረ። የኋላ ኋላ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ከአውስትራሊያ ባልደረቦቻቸው ጋር ዘረመሉን መርምረው፣ እውነተኛው ጥፋተኛ ፊዞደርማ የሚባል ሌላ ተሕዋስ መሆኑን በ2021 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ጠላቱን በስሙ ያላወቀ መድኃኒቱንም ይስታል፣ የሚረጭበትንም ጊዜ ይስታል። እንዲህ ያለውን ምርመራ አንድ ግቢ ብቻውን አይዘልቀውም። መሣሪያው ውድ ነው፤ ተገዝቶ ቢመጣም ኬሚካልና ጠጋኝ ካጣ አቧራ ይጠጣል። ስምንት መሆናችሁ የሚጠቅመን አንዱ የገዛውን ሌላው ሲሠራበት፣ የጎንደሩ ናሙና ሐዋሳ ሲመረመር፣ የሐሮማያው መምህር መቄት መጥቶ ማሳ ሲረግጥ ነው።

ሁለተኛው ምክሬ፣ ትልቅነት ታናሹን አያስረሳሽ። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ከስምንቱ ውስጥ አይደለም፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ተዘርፎና ወድሞ እንደገና የቆመ ቤት ነው። ለፍላቂት ገበሬ የሚቀርበው ግን እሱ ነው። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም ለሰሜን ወሎ ሰብል ከሁላችሁ በፊት የለፋ ነው። ሥራሽን ስትጀምሪ መጀመሪያ የእነዚህን በር አንኳኪ። ውጤቱ ሲታተምም ስማቸው ከምስጋናው ገጽ ላይ ሳይሆን ከደራሲዎቹ ተርታ ይግባ።

ሦስተኛው፣ ዩኒቨርሲቲ ለሀገር ምን እንደሆነ ከቀደሙት ተማሪ። የጎንደሩ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት፣ በአቅራቢያው ያለውን ደምቢያን ወባ ከፈጀው ገና ብዙ አልቆየም ነበር። የጤና መኮንኑ፣ ነርሷና የጤና አጠባበቅ ባለሙያው በየፊናቸው ሳይሆን በቡድን ሠልጥነው ነበር ወደ ገጠር የሚወጡት። በ1965 ዓ.ም. ደግሞ ድርቁ የእኛን ወሎ ሲፈጅ፣ መንግሥት ዝም ባለበት ሰዓት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን እዚህ መጥተው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱ፤ በግቢያቸውም ለሕዝብ አሳዩ። ዓለም በቴሌቪዥን ያየው ከዚያ በኋላ ነው። የምርምር ቤት ሀገራዊ ድርሻ ይኼ ነው፦ ሹም ሊሰማው ያልወደደውንም በማስረጃ መናገር። ብቻውን የተናገረ መምህር ሊገፋ ይችላል፤ ስምንት ዩኒቨርሲቲ ባንድ ላይ የፈረመበት ጥናት ግን እንዲህ በቀላሉ መሳቢያ ውስጥ አይቀበርም።

የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጥብኛል። እናንተ ተመራማሪዎች ቅጽ ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ዕድሜው፣ የመሬቱ ስፋት፣ የበጉ ብዛት፣ ያለፈው ዓመት ምርት፤ ገበሬው ሥራ ፈትቶ፣ ቡና አስፈልቶ ይመልስላችኋል። አንዱ ተመራማሪ በእኔ መሪነት ከአንድ አባወራ ማሳ አፈር በፌስታል ሞልቶ ሄደ፤ ቀረ። ሰውዬው ለቅሶ ቤትም ሠርግ ቤትም ባገኘኝ ቁጥር «ያ አፈሬ ምን ተባለ?» ይለኛል። መሬቱ ኖራ ይፈልግ፣ ማዳበሪያ ይፈልግ፣ እስከ ዛሬ የነገረው የለም። ጥናቱ ግን ታትሞ፣ ባለቤቱም ተመርቆበት ይሆናል።

ስለዚህ የጥናት ዕቅድሽን ስታዘጋጂ፣ በበጀቱ ላይ ውጤት የምትመልሺበትን ጉዞ አንድ መስመር አድርገሽ አስገቢ። አማካሪሽ «ይኼ ምንድን ነው?» ካለሽ እኔን ጥሪ። ጊዜውን ከአጨዳና ከውቂያ በኋላ አድርጊው፤ ገበሬው ያኔ ይሰማሻል። የእንግሊዝኛውን ጥራዝ እዚያው ተይውና ምን ተገኘ፣ ምን አልተገኘም፣ ዘንድሮ ምን ይደረግ፣ ይህችን በአማርኛ በአንድ ገጽ ይዘሽ ነይ። በጉባኤያችሁም ይህንኑ ለሰባቱ ዩኒቨርሲቲ ጓደኞቻችሁ ሕግ አድርጋችሁ አቅርቡት፦ ከገበሬ ማሳ ናሙና የወሰደ ሁሉ መልሱን ለባለማሳው ሳያደርስ እንዳይመረቅ።