የተገዛ ፍርሃት

ሰው ከፍርሃት ይሸሻል ሲባል ሰምተን አድገናል። ታዲያ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ፀሐይ ላይ ተሰልፎ ፍርሃትን የሚሸምተውን ምን እንበለው? ጥያቄውን ያስነሣን ሮለር ኮስተር የሚባለው የመዝናኛ ባቡር ነው። ሽቅብ ይጎተታል፣ ጫፍ ሲደርስ ቁልቁል ይለቀቃል። አዲስ በተከፈተ ቁጥር ወጣቱ ይጎርፍለታል። መጀመሪያ የተሳፈርን ቀን የሚሰማንን ለመናገር ብዙ ቃል አያሻም፤ ሰውነታችን ወደ ታች ይሄዳል፣ ሆዳችን ወደ ላይ ይቀራል፣ ጩኸቱ መቼ ከአፋችን እንደወጣ አናውቅም። ሲቆም ደግሞ ሁላችንም እንስቃለን። ለመሆኑ ይህ ሳቅ የጀግና ሳቅ ነውን?

ነገሩ የዛሬ አይደለም። በሩሲያ ከእንጨት በተሠራ ከፍታ ላይ በረዶ አጋግሮ ቁልቁል መንሸራተት የቆየ የክረምት ጨዋታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1884 ቶምሰን የተባለ አሜሪካዊ በኒው ዮርክ፣ ኮኒ አይላንድ ላይ፣ በ5 ሳንቲም የሚያሳፍር ሐዲድ ከፈተ። ፍጥነቱ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ሶምሶማ የሚሮጥ ሰው አይቀደምም። ሕዝቡ ግን ተንጋግቶ መጣ። እዚያው ኮኒ አይላንድ በ1927 የተከፈተው ሳይክሎን ወደ 97 ኪሎ ሜትር አደረሰው። በ2005 በኒው ጀርሲ የተከፈተውና በ2025 የፈረሰው ኪንግዳ ካ ቁመቱ 139 ሜትር፣ ፍጥነቱ በሰዓት 206 ኪሎ ሜትር ነበር። ከ10 ተነሥቶ 206 የደረሰው ለምን ይመስላችኋል? የለመድነው ነገር አያስፈራንማ! የተገዛ ፍርሃት እንደ ተገዛ ልብስ ያረጃል፤ ስለዚህ ነጋዴው ከፍታውን ይጨምራል፣ እኛም ሌላ ትኬት እንቆርጣለን።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ፤ ምሥጢሩ ያለው እዚያ ነው። ብዙዎቹ ባቡሮች በሰንሰለት ሽቅብ ሲጎተቱ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ያሰማሉ። ጀማሪው ይኸን ሲሰማ «ሊበጠስ ነው፣ አለቀልን!» ይላል። ድምፁ ግን ሰንሰለቱ ቢበጠስ እንኳ ባቡሩ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚይዘው የብረት ጥርስ ድምፅ ነው። የሚያስፈራራን ያው የሚጠብቀን ነው ማለት ነው። ከሐዲዱ ሥርም ባቡሩ ወደ ላይ እንዳይነቀል የሚይዙ ጎማዎች አሉ። አዲስ ሲሆን ሰው ከመሳፈሩ በፊት ውሃ የተሞሉ የፕላስቲክ ሰዎች ተጭነው ይሞከራል። ከዚያም በኋላ ቢሆን ጠዋት ጠዋት መካኒኩ ሐዲዱን ፈትሾ፣ ባዶውን ባቡር አስኪዶ ነው በሩ የሚከፈተው።

እንግዲህ ድፍረቱ የት አለ? በእኛ በፈረስ ጉግስ ፈረሰኛው ይሸሻል፣ ያሳድዳል፣ በጋሻው ይመክታል፤ ቢዘናጋ ይመታል፣ ይወድቃል። ድፍረቱም ብልሃቱም በእጁ ነው። በባቡሩ ግን ብረቱ ጭናችን ላይ ከወረደ በኋላ ጀግናውም ፈሪውም እኩል ነው፤ ሁለቱም የትም አይሄዱም። ሕፃን ልጅ አጎቱ ወደ ላይ ሲወረውረው ይንከተከታል። ያንኑ ልጅ የማያውቀው ሰው ቢወረውረው ይጮሃል። ከፍታው አንድ ነው፤ የሚለየው የሚቀበለው እጅ ነው። የእኛም ሳቅ የዚያ ልጅ ሳቅ ነው እንላለን። ከድፍረት ይልቅ እምነት ነው፤ ያውም ስሙን ለማናውቀው መካኒክ የሰጠነው እምነት።

«ኧረ ተዉ! ጉልበቴ እኮ የምር ተንቀጥቅጧል» የሚል አይጠፋም። እውነቱን ነው። ሥጋችን የተገዛውን ፍርሃት ካልተገዛው አይለይም፤ ልብ በሁለቱም ይመታል። የመጀመሪያ ቀን፣ ተራው ደርሶ እግሩን ከማስገባቱ በፊት፣ አንድ ቅንጣት ድፍረት እንዳለችም አንክድም። ነገር ግን በጀልባ ባሕር ሲያቋርጥ ማዕበል የያዘው ስደተኛም እንዲሁ ይጮሃል። እሱን ጭኑ ላይ የሚይዘው ብረት የለም፤ ጠዋት ተነሥቶ ጀልባውን የፈተሸለትም የለም። ሁለቱን ጩኸት አንድ ብሎ መጥራት ነውር ይመስለናል።

ታዲያ ጨዋታውን እናውግዝ? የለም፤ ሰው ይጫወት፣ ይሳቅ። የምንለው ስሙን አናሳስተው ነው። ድፍረት የምንለው ቃል ብዙ ሥራ የሚጠብቀው ቃል ነው። በስብሰባ መካከል ሁሉ አጨብጭቦ ሲያበቃ «እኔ አልስማማም» ለማለት፣ ያለ ጥፋቱ ለሚወነጀል ጓደኛ ለመመስከር ያስፈልገናል። እዚያ ትኬት አይሸጥም፣ ጉዞው የት ላይ እንደሚያበቃም የሚነግረን የለም። ፈሪ ለናቱ ይባላልና በዚያን ጊዜ ቤት መግባት የሚያምረው ብዙ ነው። ከባቡሩ ሲወርድ ደረቱን የነፋም ሰው ለዚያ ቀን የሚሆን ስንቅ እንዳልያዘ ይወቅ፤ መካኒኩንም በልቡ ያመስግን።