የዛለ ክንድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን እኅቶችና ወንድሞች፤ ዛሬ «ዛለ» የምትለውን አንዲት ቃል ይዘን ቀርበናል።

«ደከመ» ስንል ሠርቶ የዋለ ሰው ሁሉ የሚያገኘውን እንናገራለን፤ ዐርፎ ሲነሣ ይበረታል። «መነመነ» ስንል እየሳሳና እያነሰ መሄዱን እናሳያለን። «ዛለ» ግን ክንድንና ጉልበትን ኃይል ቀስ በቀስ ሲከዳቸው የሚነገር ነው። የዛለ ክንድ አልተቆረጠም፤ የያዘውንም ባንድ ጊዜ አይጥልም፤ ጥቂት በጥቂት ዝቅ ይላል እንጂ። ስለዚህ ባለቤቱ እንኳ መጀመሪያ ላይ ልብ አይለውም።

ነፍስም እንዲሁ ትዝላለች። ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት ዴማስን ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ቈጥሮታል። ወደ ቆላስይስ ሰዎች በላከው ደግሞ (4፥14) ሉቃስን በፍቅር ቃል ሲጠራ፣ የዴማስን ስሙን ብቻ ያነሣል። በ2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥10 ግን ዓለምን ወድዶ እንደ ተለየው ይነግረናል። በመካከሉ የሆነው አልተጻፈልንም።

ከመካከላችንም «ከነገ ጀምሮ ጸሎት ትቻለሁ» ብሎ የሚነሣ የለም። ነገር ግን ፈተና ደረሰ ተብሎ አንድ እሑድ ቅዳሴ ይታለፋል፤ ቀጥሎ የመዝሙር ጥናት ይቀራል፤ ጸሎቱም ያጥራል፤ በመጨረሻ ስሙ በመዝገብ ላይ ብቻ ይገኛል።

መድኃኒቱስ ምንድን ነው? ኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 17ን እንመልከት። እስራኤል በራፊዲም ከአማሌቅ ጋር ሲዋጉ የሙሴ እጅ ሲነሣ እስራኤል፣ ሲወርድ አማሌቅ ይበረታ ነበር። እጁ በከበደበት ጊዜ አሮንና ሆር ሲነቅፉት አናነብም። ድንጋይ አምጥተው አስቀመጡት፤ አንዱ በወዲህ፣ አንዱ በወዲያ ሆነው ፀሐይ እስክትጠልቅ እጆቹን ደገፉ። ሙሴ የዛለው ሥጋ ለባሽ ስለሆነ ነው። ታላቁ ነቢይ ደጋፊ ካስፈለገው እኛማ ምንኛ ያስፈልገን!

እንግዲህ ከጉባኤ የራቀ ወንድም ወይም እኅት ሲኖር፣ ባገኘነው ቁጥር «ጠፋህ!» እያልን ከማሳፈር ይልቅ ቤቱ ድረስ እንሂድ። ትምህርት ከብዶት እንደሆነ አብረን እናጥና፤ ኀዘን ገጥሞት እንደሆነ አብረነው እንቀመጥ፤ ወደ ንስሐ አባቱም አብረነው እንሂድ። የዛለው የእኛው ክንድ እንደሆነም «ደግፉኝ» ለማለት አንፈር፤ ሙሴም በድንጋዩ ላይ ለመቀመጥ አላፈረምና።

አምላካችን የዛሉትን ክንዶቻችንን ያጽናልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።