ድሪቶ፦ ከአልጋ ሥር የደበቅኩት ልብስ

 

ዛሬ ስለ አንድ የምናፍርበት ቃል እናውራ፤ ድሪቶ።

ቃሉን ስትሰሙ ምን ይታያችኋል? የነተበ፣ በእራፊ ላይ እራፊ የተደረበበት፣ የባለቤቱን ችግር የሚያሳብቅ ልብስ። ሰው ሰውን ዝቅ ማድረግ ሲፈልግ «ድሪቶ ለባሽ» ይለዋል። እኔም በልጅነቴ የማውቀው ይህንኑ ነበር።

ጉንችሬ ባደግኩበት ቤት አልጋዬ ላይ እናቴ በእጇ የሰፋችው የአልጋ ልብስ ነበር። የወንድሜ ዩኒፎርም አለበት፤ ያጠረኝ የዒድ ቀሚሴ አለበት፤ ከልብስ ሰፊው በረንዳ የተለቀመ ቁርጥራጭ አለበት። መሐሉ ላይ ደግሞ የአባቴ ኮት። አባቴ ወደ አኺራ ከሄደ በኋላ እናቴ ኮቱን ሌላ ሰው እንዲለብሰው አልወደደችም፤ ልትጥለውም አልቻለችም። ቆራርጣ እዚያ ሰፋችው።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ የክፍል ጓደኞቼ ቤት ሊመጡ ሲሉ ያንን የአልጋ ልብስ ጠቅልዬ አልጋ ሥር ደበቅኩት። እናቴ አየችኝ። ምንም አላለችም። ቡና አፍልታ ጓደኞቼን በደስታ አስተናገደች። ማታ ግን ከአልጋ ሥር አወጣችው፤ አቧራውን አራግፋ የራሷ አልጋ ላይ አነጠፈችው። ከዚያ ቀን በኋላ ወደ እኔ አልጋ አልተመለሰም።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ስንት ነገር ነው እንዲህ አልጋ ሥር የደበቅነው?

ባለፈው ዓመት ለአረፋ ከአዲስ አበባ አገር ቤት ገባሁ። በወልቂጤና በእምድብር አድርገን ስንደርስ መሽቶ፣ ብርዱም ጠንክሮ ነበር። እናቴ የምደርበው ስፈልግ ያንኑ ልብስ ሰጠችኝ። ጠርዙ ተተርትሯል፤ የአባቴ ኮት ቁራጭም ግማሹ ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል። ተኝቼ እሱን ስዳስስ አደርኩ።

ከዒዱ በኋላ መርፌና ክር ይዤ ደጃፍ ላይ ምንጣፍ አንጥፌ ተቀመጥኩ። አብሮ አደጎቼ ሊጠይቁኝ መጡ። ሦስት ናቸው። አንዷ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ዐረብ አገር ልትሄድ ተዘጋጅታለች። ሌላዋ ጋር ደግሞ በአንድ የብድር ጉዳይ ተቀያይመን ዓመት ሙሉ አልተነጋገርንም፤ የመጣችው ለእናቴ ብላ ነው። «ምን እየሠራሽ ነው?» ብለው ሳቁ። ከዚያ አንድ በአንድ ጠርዙን ይዘው ተቀመጡ።

ያኮረፈችኝ ጓደኛዬ በዓመት ውስጥ መጀመሪያ የተናገረችኝ ቃል «ክሩን አቀብዪኝ» የሚል ነበር።

እጅ ሥራ ሲይዝ አንድ ነገር ይሆናል። ዓይን ጨርቁ ላይ ስለሚያርፍ ፊት ለፊት ተያይቶ ሊባል የማይቻለው ነገር ቀስ እያለ ይወጣል። ዝምታውም አያስጨንቅም፤ መርፌው ይሞላዋል። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት አንገቷን ሳታቀና «ያኔ ተሳስቼ ነበር» አለችኝ። እኔም ተሳስቼ ነበር። ሽማግሌ ቢሰበሰብልን እንኳ ሁለታችንም እንዲህ በቀላሉ «ተሳስቻለሁ» የምንል አይመስለኝም።

አሁን አንድ ጥያቄ ልታነሱ ትችላላችሁ። «ይህ ጊዜ ማባከን አይደለም ወይ?»

ጥያቄውን አቅልዬ አላየውም። ነፃ ጊዜ ብዙ ሰው የሚከስርበት ጸጋ መሆኑን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። አራት ሰው ሦስት ከሰዓት በኋላ ሙሉ አንድ አሮጌ ልብስ ላይ ተቀምጧል። ያንን ጊዜ ሠርተንበት ቢሆን ኖሮ አዲስ ብርድ ልብስ ይገዛ ነበር። ሒሳቡ ትክክል ነው። ነገር ግን ሒሳቡ የቆጠረው ብርድ ልብሱን ብቻ ነው። የታረቁትን ሁለት ሰዎች አልቆጠረም። ልትሄድ የተዘጋጀችው ጓደኛችን ፍርሃቷን የተነፈሰችበትን ሰዓትም አልቆጠረም።

እናቶቻችን ይህን ያውቁታል። እንሰት ሲፋቅ አይታችኋል? አንዷ ብቻዋን ልትፍቅ ትችላለች። ግን ይሰበሰባሉ፤ ዛሬ እዚህ ቤት፣ ነገ እዚያ ቤት። ሥራው ከባድ ነው፤ ጨዋታው ግን ያቀለዋል። ደግሞ ከእንሰት የሚጣል ነገር የለም። ቆጮው ይበላል፣ ቡላው ለአራስና ለእንግዳ ይቀመጣል፣ ቃጫው ገመድ ይሆናል፣ ቅጠሉ ይጠቀለልበታል። በእንሰት ጓሮ ያደገች ሴት ቁራጭ ጨርቅ መጣል ቢከብዳት ይገርማል?

በሌላው ዓለምም እንዲሁ ነው። የቤንጋል ሴቶች ያረጁ ሳሪዎችን ደራርበው፣ ክሩንም ከዚያው ከአሮጌው ሳሪ ጠርዝ መዝዘው «ካንታ» የሚባል ልብስ ይሰፋሉ። አሜሪካ ውስጥ በአላባማ ግዛት ጂስ ቤንድ የምትባል የጥቁሮች መንደር አለች። በ1942 እ.ኤ.አ. ሚዙሪ ፔትዌይ የምትባል የዚያች መንደር እናት ባሏ ሲሞትባት የሥራ ልብሶቹን ቆራርጣ የአልጋ ልብስ ሰፋች፤ እሱን እያስታወሰች ልትለብሰው። ከዓመታት በኋላ፣ በ2002 እ.ኤ.አ.፣ የዚያች መንደር ሴቶች ሥራ በሂዩስተን ትልቅ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። የእሷን ታሪክ ሳነብ የአባቴ ኮት ነው ትዝ ያለኝ። እናቴ ስለ አላባማ ሰምታ አታውቅም። ግን ሁለቱ ሴቶች አንድ ነገር ነው ያደረጉት።

«ይህ የሴት ሥራ ነው» የሚል ወንድም ካለ ደግሞ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸው ውስጥ ልብሳቸውን ይሰፉ፣ ጫማቸውን ይጠግኑ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) መናገራቸውን ያስታውስ። ዑመር (ረ.ዐ) የሙስሊሞች መሪ ሳሉ ትከሻቸው መሐል ሦስት እራፊ የተደራረበበት ልብስ ለብሰው ታይተዋል። ዘይነብ ቢንት ጀሕሽ (ረ.ዐ) ደግሞ በእጃቸው እየሠሩ ያገኙትን ይመጸውቱ ነበር። እንግዲህ ድሪቶን ውርደት ያደረገው ማነው? እኛው ነን።

ይሁን እንጂ ሁለት ነገር እንጠንቀቅ።

የመጀመሪያው ምላስ ነው። እጅ ሥራ ሲይዝ ምላስ ይፈታል፤ የተፈታ ምላስ ደግሞ የሌለ ሰው ሥጋ ሊበላ ይችላል። እኛም በመጀመሪያው ቀን ወደ ሐሜት ተንሸራተን ነበር። መለስ ያደረገችን ያች ልትሄድ የተዘጋጀችው ናት። «እኔም ስሄድ እንዲህ ልታወሩብኝ ነው?» አለች። ሁላችንም ዝም አልን።

ሁለተኛው ይታይልኝ ማለት ነው። በጎረቤታችን ሱዳን በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. የመህዲው ተከታዮች የተጣፈ ጅባ ይለብሱ ነበር፤ እራፊው ዱንያን የመናቅ ምልክት ነበር። ቆይቶ ግን ባልተቀደደ ጨርቅ ላይ፣ ቀለሙ የተመረጠ፣ በልክ የተቆረጠ እራፊ ይሰፋ ጀመር። የአዛዦቹም ጅባ ያማረ ሆነ። የድህነት ምልክቱ ራሱ ጌጥ ሆኖ አረፈው። እኛም መርፌ ከማንሳታችን በፊት ስልክ አንስተን ፎቶ የምንለጥፍ ከሆነ፣ የምንሰፋው ለማን እንደሆነ ልባችንን እንጠይቀው።

በሱረቱ ነሕል፣ 92ኛው አንቀጽ ላይ፣ አላህ ቃል ኪዳን የሚያፈርሱትን ሰዎች ፈትሏን አጠንክራ ከፈተለች በኋላ መልሳ ከበታተነችው ሴት ጋር ያመሳስላቸዋል። ይህን አንቀጽ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። መርፌ ይዤ ስቀመጥ ግን ሌላ ሆነብኝ። አንድ መዳፍ የምታህል እራፊ ለመስፋት ስንት ጊዜ መርፌው እንደሚመላለስ በእጄ አወቅኩ። ለመተርተር ግን አንድ ክር መሳብ ይበቃል። የዓመቱ ኩርፊያችንም የተጀመረው በአንዲት ቃል ነበር።

በመጨረሻው ቀን ተጓዧ ጓደኛችን ከድሮ ሻሿ ጫፍ ቆርጣ ጥግ ላይ ሰፋችው። «እኔም እዚህ ልኑር» አለች። ማንም መልስ አልሰጠም፤ ሁላችንም አቀርቅረን ስፌታችንን ቀጠልን።

ማታ ልብሱን ለእናቴ ሳስረክባት «እማ፣ ያኔ የደበቅኩት ቀን...» ብዬ ጀመርኩ። አላስጨረሰችኝም። «ልጅ ነበርሽ» አለችኝ። የኮቱን ቁራጭ በጣቷ እየዳሰሰች ስፌቱን አየች። አንድ ቦታ ላልቷል። መርፌውን ከእጄ ተቀብላ አጠበቀችው።

በዚህ ሳምንት ከመጣላችሁ በፊት የምታስቡበት አንድ ልብስ፣ ከመተዋችሁ በፊት የምትደውሉለት አንድ ሰው ይኑር። ጓደኞቻችሁን ጥሩ፣ ቡና አፍሉ፣ መርፌና ክር አቅርቡ። ስፌቱ ባያምር ግድ የለም።

አላህ የተተረተረውን ግንኙነታችንን ይጠግንልን፤ በስደት ያሉ እህቶቻችንን ይጠብቅልን፤ ወደ አኺራ የሄዱብንን ይማርልን። አሚን።